አብሽሪ፣ ዓለም ይጠብቅሻል

ወሎ ውስጥ፣ ቦረናም ይሁን ወግዲ፣ ሰርግ ቤት ዳሱ ሞልቶ አንዲት ልጅ ማይክራፎን ይዛ አምባሰሉን ስታወጣው የሰማት ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ «ይቺ ልጅ እኮ እዚህ የምትቀር አይደለችም፣ ውጭ አገር ነው ቦታዋ!» ምርቃት ነው፤ ከልብ የወጣ ምርቃት። ልጅቷ ግን ማታ ጋደም ስትል ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጥባታል። እውነት ደርሻለሁ? ካልደረስኩስ መድረሴን በምን አውቃለሁ? ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው። መሲንቆውን ይዞ አጠገብሽ የሚቀመጠው ወንድምሽም ይስማ፤ ጉዳዩ የሁለታችሁም ነው።

የማምነውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ድምፃዊ ለዓለም መድረክ መድረሱ ይታወቃል፤ ደግሞም ሳይሄዱ፣ እዚሁ ተቀምጦ ይታወቃል። ስምሽን የማያውቅ፣ ቋንቋሽን የማይሰማ፣ ለአንቺ የሚያደላበት አንዳች ምክንያት የሌለው ሰው ሥራሽን ሰምቶ «እስቲ ድገሚው» ካለ ደርሰሻል። የዘመድ ጭብጨባ፣ ዩቲዩብ ላይ የተቆጠረው ተመልካች፣ እጅ የገባው ፓስፖርት ሁሉም ደስ ይላሉ፤ የዚያን ሰው ቦታ ግን አይተኩም።

የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልንገርሽ፤ ዓመቶቹን እዚህም ወደ ታችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጋሽ ኃይሉ የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው። በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ እየተጫወቱ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት አመሹ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አብረው ሄዱ፣ እዚያውም ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው፣ አኮርዲዮንና ኪቦርዶቻቸውን ይዘው፣ የቆዩ ዜማዎችን በራሳቸው መንገድ አንድ ካሴት ላይ ቀዱ። ካሴቱ ወጣ፣ ተሰማ፣ ጊዜው አለፈና ተረሳ። እሳቸውም በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዙ። ለብዙ ዓመት መድረክ አልነበረም፣ ጠሪም አልነበረም። ኪቦርዱ ግን ከታክሲው ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ይዘው ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ድረስ ያወጡትና መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይለማመዱ ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባሕር ዳር ነው። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ ጋሽ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች መጫወት ጀመሩ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም ሲያወጡ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ዕድል ነው ትዪኝ ይሆናል። ካሴቱ መገኘቱ አዎ፣ ዕድል ነው። በ1985 የተቀዳው ሥራ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እንኳ የባዕድ ጆሮ የሚይዝ ሆኖ መገኘቱ ግን ዕድል አይደለም። ጥሪው ሲመጣ ጣቶቻቸው አለመዛጋቸውም ዕድል አይደለም። መድረስ ስልሽ ይህን ማለቴ ነው፤ ጥሪው በመጣበት ቀን መልስ መስጠት መቻል።

አሁን አንድ ነገር እንለይ፤ ብዙ ልጆች ሲደናገሩበት አይቻለሁ። ውጭ አገር ሄዶ ለወገን መዝፈን አንድ መንገድ ነው፤ ዓለም አቀፍ አርቲስት መሆን ሌላ መንገድ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ አዘጋጅ ሲጠራሽ፣ ወይም ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በየክረምቱ ለሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ዝግጅት ስትጋበዢ፣ አዳራሹ የሚሞላው አገሩ በናፈቀው ሰው ነው። አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ ናፍቆቱ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል። ይህ የተከበረ እንጀራ ነው፤ ስንት ቤተሰብ ኖሮበታል። ነገር ግን ከዚያ ተመልሶ «ዓለምን አዳረስኩ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚያዳምጥሽ ሰው ወሎ የት እንዳለ አያውቅም፤ ለእሱ ያለሽ ዜማሽ ብቻ ነው።

ደስ የሚለው፣ አንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። አስቴር አወቀ በ1981 አሜሪካ ገብታ ዋሽንግተን ውስጥ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ለወገኖቿ ስትዘፍን ዓመታት አሳለፈች። ለንደን የሚገኘው ትሪፕል ኧርዝ «አስቴር» የተባለውን አልበሟን ያወጣው በ1989 ነው፤ ከዚያ ኮሎምቢያ የተባለው ትልቁ አሳታሚ መጣና በ1991 «ካቡ» ወጣ። በመሐል ያለውን ጊዜ ቁጠሪው። በእነዚያ ዓመታት ምግብ የሚበላ ሰው ፊት፣ እየተወራ፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ ዘፍና ነው ማንም ዝም ብሎ የሚሰማት ድምፃዊት የሆነችው።

«እኔ ቦረና፣ መካነ ሰላም ሆኜ የማያውቀኝን ሰው ከየት አመጣለሁ?» ካልሽ መልሱ ቅርብሽ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የተመደቡ ተማሪዎች ይኖሩበታል፤ አንዳንዱ ቦረና የሚባል አገር መኖሩን ያወቀው ሲመደብ ነው። የአንቺን ዘመድ አያውቅም፣ የሙሽራው አጎት አይደለም፣ ለሽልማትም ለይሉኝታም አልመጣም። እሱ ፊት ዝፈኚና ፊቱን እዪው። ስልኩን ካወጣ ለምን እንዳወጣው ተመልከቺ፤ ሊቀርጽሽ ነው ወይስ ቴሌግራም ሊያይ? በየትኛው ዘፈን ላይ ወሬውን አቆመ? በየትኛው ላይ ጓደኛውን አዋራ? የመጀመሪያውን ደስታ ሳይሆን የሦስተኛውን ዘፈን ዝምታ አስተውይ። ቀጥሎ አቀስታን አልፈሽ ደሴ ውረጂ። ከዚያ አዲስ አበባ፤ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የሙዚቃ ዝግጅት ያቀርባሉ፣ ከተለያየ አገር የመጣ ሰውም ይታደማቸዋል። ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ ለሽልማት እየጨፈረ ያደገው መላኩ በላይ በዚያው ቤት እንግዶችን በእስክስታ ያስደነቀው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ነው። ዓለም ቀድማ ወደ እሱ መጣች።

ጋሽ ማህሙድ አህመድንም አስቢያቸው። ጫማ ጠርገዋል፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ ጥቃቅን ሥራ እየሠሩ ውለዋል። በ1962 አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፋኞች ሳይመጡ ሲቀሩ «እኔ ልሞክር» ብለው መድረክ ላይ ወጡ፣ በዚያው ዘፋኝ ሆነው ቀሩ። ዘፈኖቹን አስቀድመው ባያጠኗቸው ኖሮ ያቺ ምሽት ምን ትጠቅማቸው ነበር? «እረ መላ መላ»ን የቀዱት በ1975 ነው፤ ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓ አድማጭ ያቀረበው በ1986። የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የመጣው በ2007 ነው። ሥራው ግን ያው የአዲስ አበባው ሥራ ነው፣ አንድ ኖታ አልተቀየረለትም።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የልቤ ጉዳይ ይህ ነውና። ብዙ ወጣት «ዓለም አቀፍ» ለመሆን መጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን መጣል ነው። አፍሮቢቱን፣ አማፒያኖውን ይገለብጣል። መማር ጥሩ ነው፤ ስሚያቸው፣ ጨፍሪባቸው። ነገር ግን ሌጎስና ጆሃንስበርግ ከአንቺ የተሻለ የሚሠሩት ሞልተዋል፤ ከአንቺ የተሻለ አምባሰል የሚያወጣ ግን ሌጎስ የለም። አራቱን ቅኝቶች ቁጠሪ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል። ሁለቱ ስማቸው ራሱ የአገርሽ ስም ነው። ማሪቱ ለገሠን ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን አንስቶ ባሕር ማዶ ድረስ ያስከበራት ይኸው ነው።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ይዘው የነፉት ሽለላና ፉከራ ነው፤ የአርበኛ ድምፅ። ኔዘርላንዳዊው የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ አብሯቸው «ሞዓ አንበሳ»ን ሲቀዳ፣ በ2006፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ፓንኮቹ ወደ እሳቸው ፉከራ መጡ እንጂ እሳቸው ፓንክ አልሆኑም። መምህር ዓለሙ አጋ በገናቸውን ብቻ ይዘው ነው የአውሮፓን አዳራሽ ጸጥ ያሰኙት። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው ልጅ ሆና ከቄስ የሰማችው ዜማ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ በ2001 በስሟ የወጣው አልበም ላይ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ሊቆች አጅበዋታል። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በተቃራኒው ነው የጀመሩት፤ ዌልስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ተምረው፣ በ1966 ኒውዮርክ ላይ የላቲን ምት ያለባቸው ሁለት አልበሞች አወጡ። ያ ሁሉ ትምህርት ዓለምን ያስደመመው አገር ቤት ገብተው ከቅኝቶቻችን ጋር ሲያዋህዱት ነው። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ1972 ወጣ፤ ፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ ሙዚቃቸውን ፊልሙ ውስጥ ያስገባው በ2005። ሠላሳ ሦስት ዓመት!

አንቺስ ጆሮሽ ውስጥ ምን አለ? የሳይንት ተድባበ ማርያም ማኅሌት፣ የሐድራው መንዙማና ድቤ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ የእረኛ ዋሽንት፣ የሰርጉ እስክስታ። መንፈሳዊውን ክለብ ይዘሽ ግቢ አላልኩሽም፤ ለእሱ ክብሩ ይቆየው። ድምፅሽን ያሳደገው እሱ መሆኑን ግን ዕወቂው፣ ከትንፋሽ አወጣጡ ተማሪ። ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ፈቃድ ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂያቸው። ይህ ሀብት ያለው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።

ባለቤትነት ብቻውን ግን መድረክ ላይ አያቆምም። ሰርግ ቤት አዝማሪው «ተቀበል!» ሲባል ግጥሙን የሚያቀብለው ታዳሚው ነው፤ አንዱ ይወርፋል፣ አንዱ ያሞግሳል፣ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ውጭ አገር አዳራሽ ውስጥ ስትቆሚ ግጥም የሚሰጥሽ የለም። ሰዉ ተቀምጧል፣ ጨለማ ነው፣ ከአንቺ ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ በራስሽ መሙላት አለብሽ፤ መነሻው፣ መሐሉ፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ፣ መጨረሻው ታስቦበት። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ቢቀሰቅሱሽ ሳትሳሳቺ የምትወጪው ዝግጅት አለሽ? ከሌለሽ ሥራሽ እሱ ነው፤ ይገነባል።

ድምፅሽ ደግሞ የት እንደሚያርፍ ዕወቂ። እዚህ ባለመሲንቆው ጭራውን ወጠር ላላ አድርጎ ወደ አንቺ ድምፅ ያመጣዋል፤ «በምን ኪ ነው?» ብሎ የጠየቀሽ የለም። ፒያኖና ሳክስፎን ያለበት ባንድ ግን እንደዚያ አይላላም። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ይህን ይጠይቅሻል፤ መልስ ከሌለሽ ሰዓቱ እሱን ፍለጋ ያልቃል። በስልክሽ ላይ በነጻ የሚጫን ቱነር አለ፤ ዛሬ ማታ ትዝታሽን ያዢበትና የምትጀምሪበትን ድምፅ ጻፊው። የፈረስ ጭራ እርጥበትና ሙቀት ይሰማዋል፤ በመካነ ሰላም ብርድ የተቃኘ መሲንቆ የመድረክ መብራት ሲያሞቀው ቅኝቱ ይሸሻል። ወንድምሽ በሁለት ዘፈን መሐል፣ አንቺ ሰዉን እያዋራሽ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ በጥቂት ሴኮንድ መመለስ ይልመድ። ፌስቲቫል ላይ ባንድ ሲቀያየር ለሳውንድ ቼክ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ስንት ማይክራፎን እንደምትፈልጉ፣ ማን የት እንደሚቆም አንድ ገጽ ላይ ሠርታችሁ አስቀድማችሁ ከላካችሁ የድምፅ ባለሙያው ወዳጃችሁ ይሆናል።

ወረቀቱንም አትናቂው፣ ቶሎ ልለፈው እንጂ። ዘፈንሽ የማን እንደሆነ፣ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው፣ ቅጂው የማን ንብረት ነው የሚለው ስምምነት ተጽፎ ይፈረም፤ አገራችን ለዚህ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አላት። ለሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። አሜሪካ ለባህል አርቲስቶች ፒ-3 የሚባል ቪዛ አላት፤ የመጀመሪያውን ማመልከቻ የሚያስገባው ግን እዚያ ያለው ጋባዥ ወይም ወኪል ነው፣ ስለዚህ «ቪዛውን አንቺ ጨርሺ፣ እኔ መድረኩን አዘጋጃለሁ» የሚልሽን ሰው ቆም ብለሽ ጠይቂው። እዚያው አሜሪካ ከውጭ አርቲስት ክፍያ ላይ 30 በመቶ ግብር ሊቀነስ እንደሚችል አውቀሽ ተደራደሪ። ሳታነቢ አትፈርሚ። ማንበብ ካቃተሽ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ፤ ይህን ማድረግ አያሳንስሽም።

«ዕድሜዬ ሄደ» የምትይ ካለሽ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢያቸው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሃያ አንደኛ ቅጽ ሆነው ወደ ዓለም ሲወጡ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ኢየሩሳሌም ገዳም ሆነው ነው ዓለም የሰማቸው። ሃያ ዓመት ሞልቶሽ «ረፈደብኝ» የምትይ እህቴ፣ እባክሽ አብሽሪ!

የተገላቢጦሹም አለ፤ ደርሰው የሚፈሩ አሉና። የማታውቂው ሰው ደጋግሞ ከጻፈልሽ፣ አንዴ የጋበዘሽ ቦታ ሁለተኛ ከጠራሽ፣ መብራት ጠፍቶ ማይኩ ሲዘጋ ዘፈንሽ በመሲንቆ ብቻ ከቆመ፣ ባልንጀሮችሽ ገንዘብ በሌለበት ቀንም ለልምምድ ከመጡ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ያኔ «ትንሽ ልቆይ» ማለት ትሕትና አይደለም። በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ አውሮፓ ውስጥ ወሜክስ የሚባል የዓለም ሙዚቃ ገበያ አለ፤ ራባት ላይ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ቪዛ ፎር ሚዩዚክ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አርቲስቶችን ያሰባስባል። ሁለቱም ማመልከቻ ይቀበላሉ። ባይቀበሉሽ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ታመለክቻለሽ፤ በመሐል የበሰለው ሥራሽ ያው ያንቺው ነው።

መጪው ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሥራ ይበዛልሻል። ከእነዚያ ምሽቶች መካከል አንዷን ምረጪና፣ ከሰርጉ በኋላ ጓደኞችሽን ሰብስበሽ፣ ያንን የአንድ ሰዓት ዝግጅት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ ተጫወቺው፤ ስልክ በአንድ ቦታ ተተክሎ ይቅዳው። በማግሥቱ ብቻሽን ስሚው። የደከመውን አውጪ፣ የቀረውን እንደገና ቅጂ። ከዚያ ከሦስቱ ምርጥ ዘፈኖችሽ አንዱን አማርኛ ለማይችል፣ አንቺንም ለማያውቅ ሰው ላኪለትና «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂው፤ «የትኛው ቦታ ላይ አቆምከው?» ብለሽ ጠይቂው።